34 ሠራተኛ፣ አምስት ቦታ፣ ሰባት የቴሌግራም ግሩፕ፦ የጋራ መሥሪያ ሶፍትዌር ከየት ይጀመራል?

የሰኞ ገበያዋ፦

ሰላም ለሁላችሁ፣ አሰላሙ አለይኩም። ደሴ ነኝ። የምሠራው በገበሬዎች የኅብረት ሥራ ዩኒየን ውስጥ ነው። ማሾ፣ ማሽላና ጤፍ ከአባል ማኅበራት እንገዛለን። ዋና ቢሮው ደሴ፣ ትልቁ መጋዘን ኮምቦልቻ ነው። ሐርቡ፣ ሐይቅና መርሳ ደግሞ የመሰብሰቢያ ጣቢያ አለን። ደሴ 15፣ ኮምቦልቻ 9፣ ሐርቡ 4፣ ሐይቅ 3፣ መርሳ 3፤ በጠቅላላው 34 ነን። የአይሲቲ ባለሙያዋ እኔ ነኝ። ብቻዬን።

ሥራችን የሚሄደው በቴሌግራም ነው። ሰባት ግሩፕ አለን። የሐርቡ ስቶር ኪፐር የመላኪያ ደረሰኙን ፎቶ አንስቶ ይልካል። ሒሳብ ክፍል ያለችው ልጅ ፎቶውን እያየች ኤክሴል ላይ ትጽፋለች። ጭነቱ ኮምቦልቻ ሲራገፍ ሌላ ፎቶ ይመጣል። የኩንታል ልዩነት ከተገኘ ሁለቱን ፎቶ ለማገናኘት ግሩፑን ወደ ላይ መጎተት ነው። ባለፈው ኅዳር አንድ ደረሰኝ ስፈልግ ግማሽ ቀን አለቀ። በመጨረሻ የተገኘው ሾፌሩ ስልክ ላይ ነው።

ሁለት ነገር አንጀቴን ያሳርረኛል። ዋናውን ግሩፕ የከፈተው ልጅ ሥራ ሲለቅ ስልኩን አጸዳና ግሩፑን ለሁሉም አጠፋው። ክፋት አስቦ አይደለም። ግን የሦስት ዓመት ደረሰኝ በአንድ ቀን ሄደ።

ሌላው የ2014 ጥቅምት ነው። በጦርነቱ ከደሴ ስንወጣ ሁሉም ነፍሱን ይዞ ነው የወጣው። ስንመለስ ኮምፒውተሮቹ የሉም። የአባላት የአክሲዮን መዝገብ ተሟልቶ የነበረው እነሱ ላይ ብቻ ነበር። ከየማኅበሩ ወረቀት እየለቀምን መልሰን እስክንሠራው ስምንት ወር ፈጀ። ከሐይቅ ማዶ የመጡ አንዲት እናት አክሲዮናቸውን ለማስመዝገብ ሦስት ጊዜ ተመላልሰዋል። በመጨረሻ ደረሰኛቸውን ከመሶብ ሥር አግኝተው በነጠላ ቋጥረው አመጡልኝ። ያንን ቀን አልረሳውም።

አሁን ሥራ አስኪያጁ "ሁላችንም አንድ ላይ የምንሠራበት ሶፍትዌር ይግባ፣ ዕቅዱን አንቺ አምጪ" ብለውኛል። አዲሱ በጀት ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ ከዚያው ቀን እንዲሆን ይፈልጋሉ። የማይክሮሶፍቱ ቲምስ ይሻላል የጉግል የቢሮ ሶፍትዌር? የመልእክት መለዋወጫው ስላክስ? ወይስ ቢሯችን ሰርቨር አስቀምጬ ፋይል መጋሪያውን ኔክስትክላውድን ልጫን? መብራቱንም ኔትወርኩንም ታውቁታላችሁ። ኮምፒውተር ያለን ለ16 ሰው ነው፤ ሌላው በስልክ ነው። የኮምቦልቻው ስቶር ኪፐር 58 ዓመታቸው ነው። መዝገባቸው ስርዝ ድልዝ የለበትም። ስልክ ላይ ግን ፎቶ ከመላክ አልፈው አያውቁም። እሳቸው ካልገቡበት ደግሞ ነገሩ ከንቱ ነው።

በእጃችሁ የሠራችሁት ካለ የሆነውን ንገሩኝ።

የቦርከናው፦

አብሽሪ እህቴ። እኔም በዚሁ አልፌያለሁ።

ከዓመታት በፊት ኮምቦልቻ አንድ ፋብሪካ ውስጥ ይሄንኑ ሥራ መርቼ ነበር። የመጀመሪያው ጊዜ ከሸፈ። ሶፍትዌሩን መረጥን፣ ለ120 ሰው በአንድ ቀን አካውንት ከፈትን፣ አዳራሽ ተከራይተን ሁለት ቀን አሠለጠንን። በወሩ ሳይ የሚገባበት እኔና ዕቅድ ክፍል ብቻ ነን። አንዱን የሺፍት ኃላፊ ለምን እንደማይጠቀም ጠየቅኩት። "ወረቀቱንም ማታ ትጠይቁኛላችሁ፣ ስልኩንም ሙላ ትሉኛላችሁ። ሁለት ጊዜ ነው የምሠራው" አለኝ። መልስ አልነበረኝም። ወረቀቱን ማንም አላነሳለትም ነበር።

በሁለተኛው ሙከራ አንድ ወረቀት ብቻ ያዝን፤ የጥገና መጠየቂያውን። አንድ ክፍል፣ 11 ሰው። ከዚያ ክፍል ወረቀቱን ጨርሰን አነሳነው። ማሽን ሲቆም ቴክኒሻኑ በስልኩ ያያል፤ ሲጠግን ይዘጋዋል። በሦስተኛው ሳምንት የጎረቤት ክፍል ሰዎች ራሳቸው መጥተው "ለኛስ መቼ ነው?" አሉ።

ስለዚህ ቲምስ ነው ጉግል ነው የሚለውን ለጊዜው ተይው። መጀመሪያ ሐርቡ ውረጂና ሁለት ቀን ተቀመጪ። አንድ ኩንታል ማሾ ከገበሬው እጅ ወጥቶ ኮምቦልቻ እስኪራገፍ ወረቀቱን ተከተይ። ማን ይጽፋል? ማን ይፈርማል? ማን ቁጭ ብሎ ይጠብቃል? በደብተር ያዢው። ካልሽው እንደሚገባኝ ቁስሉ ያለው የሐርቡ መላኪያና የኮምቦልቻ መረከቢያ መካከል ነው። እሱን ብቻ ያዢ። ሐይቅና መርሳ ይቆዩ።

ቴሌግራሙን ደግሞ አትዝጊ። ለቅሶው፣ ሠርጉ፣ የእንኳን አደረሳችሁ መልእክቱ እዚያው ይቀጥል። ሰው ያንን የተነጠቀ ከመሰለው አዲሱን ገና ሳያየው ይጠላዋል። አንድ ነገር ብቻ ቁረጡ፤ በቴሌግራም የተላከ ደረሰኝ እንዳልተላከ ይቆጠር። ይሄን መጀመሪያ መጠበቅ ያለባቸው ሥራ አስኪያጁ ናቸው። እሳቸው አንድ ቀን ቸኩለው "ፎቶውን በውስጥ ላክልኝ" ካሉ በማግሥቱ ሁሉም ወደ ድሮው ይመለሳል። እኛ ጋ የመጀመሪያውን ያፈረሰው ይሄም ነበር። አስቀድመሽ ቁጭ ብለሽ ንገሪያቸው።

ቀኑንም አስቢበት። ሐምሌ 1 ለበጀት ይመቻል፣ ለሰው ግን አይመችም። ሰኔና ሐምሌ ቆጠራ ነው፣ ሒሳብ መዝጊያ ነው። ከኅዳር በኋላ ደግሞ የግዢ ወቅት ይገባና ቀና የሚል ሰው አታገኚም። ያለሽ ነሐሴና መስከረም ነው። በነሐሴ ሐርቡንና ኮምቦልቻን አስጀምሪ፤ ያለው ጭነት ትንሽ ስለሆነ ስህተቱም ትንሽ ይሆናል። ጥቅምት እስኪገባ የቀረውን አስተካክይ። ኅዳር ላይ አዲስ ነገር አትጨምሪ።

የኮምቦልቻውን ስቶር ኪፐር፣ አባታችንን ደግሞ መጨረሻ ላይ አታምጫቸው። የመጀመሪያው ሰው እሳቸው ይሁኑ። ቅጹን ሳትሠሪ ደረሰኛቸውን ይዘሽ አጠገባቸው ተቀመጪ። ስልኩ ላይ የሚሞላው ነገር በወረቀቱ ቅደም ተከተል ይምጣ፤ ቀን፣ የመኪና ሰሌዳ፣ የሾፌር ስም፣ የከረጢት ብዛት፣ ኪሎ። እጃቸው የሚያውቀውን መንገድ አታጣምሚባቸው። እሳቸው "ይሄ ትክክል ነው" ካሉ የሌላ ጣቢያ ሰው አይከራከርሽም።

የመዝገብ ቤቷ፦

ልጄ፣ ስለ ሶፍትዌሩ የሚያውቁት ይንገሩሽ። እኔ ወልድያ መዝገብ ቤት ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። ስለ ስም ልንገርሽ።

ቢሯችን ፋይሉን ወደ ኮምፒውተር ባስገባ ጊዜ ሁሉም የመሰለውን ስም ሰጠ። በኋላ አንድ ደብዳቤ ስንፈልግ "የለም" ይለናል። አለ፤ ግን አንዱ ሐይቅ ብሎ ጽፏል፣ አንዱ ሃይቅ፣ አንዱ ኃይቅ። ለኛ አንድ ነው። ለኮምፒውተሩ ግን ሦስት የተለያየ ቃል ነው። ሐርቡም እንደዚያው ነው። ሠራተኛና ሰራተኛ፣ ዓመትና አመትም እንዲሁ። የቦታዎቻችሁን ስም ዛሬውኑ በአንድ ገጽ ጻፊ፤ እያንዳንዱ እንዴት እንደሚጻፍ ወስኚ፤ አሳትመሽ በየጠረጴዛው ለጥፊ። ከተቻለ ደግሞ ሰው እንዳይጽፈው አድርጊ፤ ከዝርዝር ይምረጥ።

ቀኑን ዓመት፣ ወር፣ ቀን ብላችሁ በቁጥር ጻፉ፤ 2017-03-15 እንደማለት። ጳጉሜን 13 ትሆናለች። እንዲህ ከሆነ ፋይሉ በራሱ ተራውን ይዞ ይደረደራል። ኤክሴል ላይ ግን ጉድ አለ፤ የቀኑን ዓምድ አስቀድመሽ "ጽሑፍ" አድርጊው። አለበለዚያ የኛን ቀን የፈረንጅ ቀን አድርጎ ይወስደዋል። ጥቅምት 30ን 02-30 ብለሽ ስትጽፊ ደግሞ የእነሱ ሁለተኛ ወር ፌብሩዋሪ 30 ቀን ስለሌለው እንዳለ ይተወዋል። ግማሹ ቀን፣ ግማሹ ጽሑፍ ይሆንና ድርድሩ ይበላሻል። እኛ ይሄን ያወቅነው ኦዲተር መጥቶ ነው።

አሮጌ ፋይሎች በቪዥዋል ግዕዝ የተተየቡ ካሏችሁ ደግሞ ፎንቱ በሌለበት ሲከፈቱ ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ነው የሚሆኑት። ፍለጋም አያገኛቸውም። ሁሉንም ወደ ዩኒኮድ፣ ማለትም ዛሬ ኮምፒውተሩም ስልኩም ወደሚያነበው የፊደል ኮድ፣ እቀይራለሁ ብለሽ አትድከሚ። የአክሲዮን መዝገቡንና ውሎችን ብቻ ቀይሪ።

ለዚያች እናት ደግሞ እግዚአብሔር ይስጥሽ። ነጠላው ውስጥ የቋጠሩት እምነታቸውን ነው።

ከጦሳ ሥር፦

የላይኞቹ ዋናውን ብለውታል። እኔ ስለ ቴክኒኩ።

ስላክን ተይው። ነፃው ከ90 ቀን በፊት ያለውን መልእክት አያሳይም። የኅዳርን ደረሰኝ ሚያዝያ ላይ ለሚፈልግ ሰው አይሆንም። የሚከፈልበትን ከወሰድሽ፣ ቲምስም ጉግልም ሒሳቡ በሰው በየወሩ በዶላር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሪው ሥርዓት ሲለወጥና ዶላር ሲወደድ በብር በጀት የያዙ ቢሮዎች ክፍተት ላይ ወደቁ። ለ34 ሰው አትግዢ። ሰነድ ለሚጽፉት 16 ሰዎች ይበቃል። መክፈያው ካርድ የማን እንደሚሆንም ከፋይናንስ ጋር አስቀድመሽ ጨርሺ።

ለጣቢያዎቹ ኮቦ (KoboToolbox) የሚባለውን በስልክ ቅጽ መሙያ እዪው። ብዙ ድርጅቶች መስክ ላይ ይሠሩበታል። አንድሮይድ ስልክ ላይ ኮቦ ኮሌክትን ትጭኛለሽ፤ ስቶር ኪፐሩ ኔትወርክ ሳይኖር ይሞላል፣ ደረሰኙንም እዚያው ፎቶ ያነሳል። ስልኩ ኔትወርክ ሲያገኝ ይልካል። ኔት ለቀናት ቢጠፋም ሥራው አይቆምም። ነሐሴ 2015 ላይ ሞባይል ዳታ ሲዘጋ ብዙ ቢሮ እጁን አጣጥፎ እንደተቀመጠ ሁላችንም እናስታውሳለን።

ኔክስትክላውድ ጥሩ ነው፤ ሶፍትዌሩ በነፃ ነው፣ ቢሮ ውስጥ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ግን ሰርቨሩ ደሴ ቢሮ ብቻ ከተቀመጠ የ2014ቱ ነገር ይደገማል። የትኛውንም ብትመርጪ መዝገቡ ሦስት ቦታ ይኑር፤ አንዱ ከከተማ ውጭ ይሁን። የአባላት ስምና ሒሳብ ውጭ አገር ሰርቨር ላይ ከመውጣቱ በፊት ደግሞ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ን ለሕግ ባለሙያችሁ አሳዪ።

አካውንቱ በማንም የግል ጂሜይል እንዳይከፈት፤ በዩኒየኑ ስም ይሁን። አስተዳዳሪ ሁለት ሰው ይሁን፤ አንቺና ሌላ። የማስመለሻ ኮዶቹ በፖስታ ታሽገው ካዝና ይግቡ። ሰው ሲለቅ ከክሊራንሱ ላይ የአይሲቲ ፊርማ ይጨመር። ያ ግሩፕ የጠፋው ይሄ ስላልነበረ ነው።

አንዲት ትንሽ ነገር ልጨምር። የስብሰባ ካላንደር ስትልኪ ሰዓቱን በእኛም ጻፊበት። ካላንደሩ 9:00 ይላል፤ የመርሳው ሰው ከቀኑ 9 ሰዓት ይመጣል። ስብሰባው ጠዋት 3 ላይ ነበር። "ጠዋት 3 ሰዓት" የሚለውን ርዕሱ ላይ ጻፊው።

የሰኞ ገበያዋ፦

እግዜር ይስጥልኝ። እትዬ የመዝገብ ቤቷ፣ የእርስዎን መልእክት ለሒሳብ ክፍሏ ልጅ አነበብኩላት። ወዲያው ኤክሴሉን ከፈተች። የጥቅምት 30 ረድፎች እታች ተጥለው አገኘናቸው። ሁለት ዓመት ሙሉ እዚያው ነበሩ።

ዛሬ ከሥራ አስኪያጁ ጋር ተነጋገርኩ። ሐምሌ 1 በጀቱ ይጸድቃል፣ ሥራው ነሐሴ ይጀምራል። መጀመሪያ ተከራከሩኝ፤ በኋላ ቆጠራውን ሲያስቡት ተቀበሉ። ደረሰኝ በውስጥ መስመር እንደማይጠይቁም ሁሉም ባለበት ይናገራሉ። ክሊራንሱ ላይ የአይሲቲ ፊርማ ከዚህ ወር ጀምሮ ይገባል። ቲምስና ጉግልን ገና አልመረጥኩም።

የኮምቦልቻውን አባታችንን ትናንት ደወልኩላቸው። "ጋሼ፣ ደረሰኙን ስልክ ላይ ልናደርገው ነው፤ እርስዎ ያስተካክሉልኝ" አልኳቸው። ዝም አሉ። ቀጥለው "የከረጢቱ ክብደት ተቀናሽ የሚጻፍበት ቦታ አለው ወይ?" አሉኝ። የእኛ የወረቀት ደረሰኝ ላይ ቦታ የለውም። ለካ እሳቸው ዓመቱን ሙሉ ከኋላው በእርሳስ ሲጽፉት ነው የኖሩት፤ እኛ ደግሞ የፊቱን ብቻ ፎቶ እንቀበላለን። የኩንታሉ ልዩነት ከዚያ እንደሆነ ገመትኩ። የአምናዎቹን ደረሰኞች ከነጀርባቸው አውጥተው እንዲጠብቁኝ ለምኛቸዋለሁ። ማክሰኞ ኮምቦልቻ አድሬ ረቡዕ ሐርቡ እገባለሁ።

የቦርከናው፣ ያንን የጥገና መጠየቂያ ስትሠሩ ስማርት ስልክ የሌላቸውን ሠራተኞች እንዴት አደረጋችኋቸው? ሐርቡ ሁለት የሚዛን ሠራተኞች ባለ ቁልፍ ተራ ስልክ ነው ያላቸው።