አደገኛ አነዳድ ስናይ ለፖሊስ መደወል ያለብን መቼ ነው?

ነዋሪ ዘአሌክሳንድሪያ (ጠያቂ)

ሰላም ለእናንተ ይሁን ወገኖቼ።

ባለፈው ቅዳሜ ሌሊት ከባለቤቴ ጋር ከዲሲ ወደ አሌክሳንድሪያ በ395 አውራ ጎዳና ስንመለስ፣ ከፊታችን የምትሄድ አንዲት ግራጫ ቶዮታ መብራቷን ሳታበራ ከመስመር መስመር ትዋልል ነበር። ወደ ግራው የኮንክሪት አጥር ተጠግታ ልትላተም ስትል በድንገት ትመለሳለች፤ ከፊቷ ምንም ሳይኖር ፍሬን ትይዛለች፤ ወዲያው ደግሞ ትፈተለካለች። ባለቤቴ ወደ ድንገተኛ ጥሪ ቁጥሩ 911 ደወለች። ስልኩን ያነሣችው ሴት የት እንዳለን፣ ወደየት እንደምንሄድ፣ የመኪናዋን ዐይነትና ታርጋዋን ጠየቀቻት፤ እኛም ያየነውን ነግረን ርቀታችንን ጠብቀን ጉዟችንን ቀጠልን። መኪናዋ በሴሚናሪ ሮድ መውጫ ወጣች፤ ከዚያ በኋላ የሆነውን አናውቅም።

በማግስቱ ቡና ላይ ነገሩን ስናነሣ በወዳጆቻችን መካከል ክርክር ተነሣ። አንዳንዶቹ «ደግ አደረጋችሁ» ሲሉ፣ ሌሎቹ «በሰው እንጀራ ላይ ፖሊስ ይጠራል ወይ? ታክሲ የሚሠራ ወገናችን ቢሆንስ? መንጃ ፈቃዱን ቢነጠቅ ልጆቹን ማን ያሳድግለታል?» አሉ። እኔ በበኩሌ መደወላችን ተገቢ እንደነበር አምናለሁ፤ ሆኖም መጥፎ አነዳድ ሁሉ ፖሊስ ያስጠራል የሚል እምነት የለኝም። ስለዚህ የሥራ ልምድ ያላችሁ፣ ወይም ስለ ሕጉ የምታውቁ ወንድሞችና እኅቶች፣ ድንበሩ የቱ ላይ እንደሆነ፣ ሲደወልም ምን መባል እንዳለበት ብታስረዱን ለብዙዎቻችን ይጠቅማል።

የሌሊት ሹፌር

ጤና ይስጥልኝ ወንድሜ። በዲሲና በአካባቢው ለብዙ ዓመታት ሰው በማመላለስ ሥራ ስለምተዳደር መጥፎ አነዳድ የማላይበት ሌሊት የለም፤ የምደውለው ግን ከስንት አንዴ ነው። ራሴን የምጠይቀው ይህንን ብቻ ነው፦ ይህ መኪና በያዘው አኳኋን ከቀጠለ በሚቀጥሉት ደቂቃዎች ሰው ይጎዳል ወይ? ፍሬቻ ሳያሳይ መስመር የቀየረ፣ ክላክስ እያምባረቀ ያሳቀቀኝ ወይም አቋርጦኝ ገብቶ ያናደደኝ ሰው ጥፋቱ እዚያው ተፈጽሞ አልቋል፤ ፖሊስ ቢመጣም የሚያገኘው ነገር የለም። እርስዎ የገለጹት ግን እየቀጠለ ያለ አደጋ ነው። በጨለማ ያለ መብራት መንዳት፣ መስመር ረግጦ መሄድ፣ ያለ ምክንያት መቆም፣ አረንጓዴ ከበራ በኋላ ለረጅም ጊዜ አለመንቀሳቀስ፣ ሲታጠፉ ከልክ በላይ ሰፍቶ መዞር፣ ፖሊሶች ራሳቸው የሰከረ ሹፌር የሚለዩባቸው ምልክቶች ናቸው። በተለይ ሁለት ሦስቱ በአንድ መኪና ላይ ከተደራረቡ ማመንታት አያስፈልግም።

በተቃራኒ አቅጣጫ የሚመጣ መኪና ሲታይማ ምንም ምርጫ የለም። እንዲህ ያለው ሹፌር ብዙውን ጊዜ በራሱ ግምት ቀኙን ይዞ ስለሚነዳ የሚመጣብን በእኛ የግራ መስመር ነው፤ ስለዚህ በቅድሚያ ፍጥነት ቀንሶ ወደ ቀኝ ጥግ መያዝ፣ ከተቻለም ከመንገዱ መውጣት፣ ከዚያ 911 መደወል ነው። በቨርጂኒያና በሜሪላንድ ከሞባይል #77 ቢደውሉ የየግዛቱን የመንገድ ፖሊስ ያገኛሉ፤ ሰው ሊሞት ነው ብለው ሲሰጉ ግን የትኛው ይሻላል እያሉ ሳያስቡ 911 ይበሉ።

ትልቁ ችግር ቦታ መናገር ላይ ነው። «ቤልትዌይ ላይ ነኝ» ማለት ብቻውን አይረዳም፤ ዋሽንግተንን የሚከብበው ይህ አውራ ጎዳና ክብ ስለሆነ ሰሜን ደቡብ ማለትም ያደናግራል። በሰዓት ቆጣሪ አዟዟር የሚሄደው ኢነር ሉፕ፣ በተቃራኒው የሚሄደው አውተር ሉፕ እንደሚባል ካወቁ በአንድ ቃል ይግባባሉ። ከዚያ ያለፉትን የመውጫ ቁጥር ወይም በመንገዱ ዳር የተተከለውን ትንሽ የማይል ሰሌዳ ይጨምሩ። በአሜሪካን ሌጅን ድልድይ ወይም በዊልሰን ድልድይ አጠገብ ከሆኑ ደግሞ ስልክዎ በወንዙ ማዶ ያለውን አንቴና ሊይዝ ስለሚችል፣ ከሁሉ አስቀድመው ቨርጂኒያ ወይም ሜሪላንድ ብለው ይናገሩ። ታርጋ ለማንበብ ብሎ መጠጋት ግን ፈጽሞ አይገባም። ቀለሙንና ዐይነቱን፣ ከታርጋው ደግሞ የታየዎትን ሁለት ሦስት ፊደል መናገር ይበቃል። መከተልም የእኛ ሥራ አይደለም፤ መውጫው ከደረሰ ይውጡ፣ የት ላይ እንደተለያችሁ ብቻ ይንገሩ።

ነርስ ከሲልቨር ስፕሪንግ

ከላይ የተጻፈው ሁሉ ያስማማኛል፤ ከሙያዬ አንፃር የምጨምረው አለኝ። መስመር የሚስተው ሹፌር ሁሉ ሰካራም አይደለም። የስኳር ሕመምተኛ ሆኖ ስኳሩ በጣም የወረደበት ሰው ይፈዝዛል፣ ያልበዋል፣ አንደበቱ ይተሳሰራል፣ የት እንዳለ እንኳ ላያውቅ ይችላል። ስትሮክ የጀመረው ሰውም አንድ ጎኑ ሲሰንፍ መሪውን መቆጣጠር ያቅተዋል። እነዚህን ሰዎች ከመኪናው ውጭ ሆኖ ከሰከረ ሰው መለየት አይቻልም። ቡና ላይ የተከራከሩት ወዳጆቻችሁ ፖሊስ መጥራትን እንደ ክስ ቆጥረውታል። ነገር ግን የዚያች ቶዮታ ሹፌር ታሞ ከነበረ፣ በዚያ ሌሊት የደረሰለት ብቸኛ ሰው የእርስዎ ባለቤት ነበረች።

ስለዚህ ሲደወል «ሰክሯል» ባይባል ይመረጣል። «መብራት የለውም፣ ሦስት ጊዜ ወደ አጥሩ ተጠግቷል፣ ያለ ምክንያት ፍሬን ይይዛል» ማለት በቂ ነው። የሚሄደው መኮንን ያንን ሰምቶ ራሱ ይመዝናል፤ አምቡላንስ ካስፈለገም ቶሎ ይጠራል።

በእንግሊዝኛ መናገር የሚያስፈራቸው እናቶችና አባቶችም አሉ። በዚህ አካባቢ ያሉ የ911 ማዕከሎች በስልክ አስተርጓሚ ያገናኛሉ፤ «አምሃሪክ» ብሎ ስልኩን ሳይዘጉ መጠበቅ ነው። በዲሲ እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው የቋንቋ ሕግ የከተማው መሥሪያ ቤቶች አገልግሎት እንዲሰጡባቸው ካሰባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። ይህ የማኅበረሰባችን መብት ስለሆነ ማንም ሰው አፍሮ ስልኩን መዝጋት የለበትም።

ታዛቢ

የሁላችሁንም ሐሳብ አከብራለሁ፤ ሆኖም የሚከብደኝን ነገር ሳልሸሽግ ልናገር። በዚህ አገር ፖሊስ መኪና ሲያስቆም ሁልጊዜ በሰላም አያልቅም። እ.ኤ.አ. በ2016 በሚኒሶታ ፊላንዶ ካስቲል የተባለ ጥቁር ሰው መኪናው እንዲቆም ከተደረገ በኋላ፣ አጋሩና ትንሽ ልጇ አብረውት እያሉ በፖሊስ ጥይት ሞቷል። የእኛ ልጆችም በፖሊሱ ዐይን ከእርሱ አይለዩም። ስለዚህ «ማመንታት አያስፈልግም» የሚለውን ምክር እንደ ቀላል ነገር መቀበል አልችልም። ጎረቤትን ለመበቀል፣ ወይም መንገድ ላይ በተነሣ ጠብ ተናድዶ የሚደውል ሰው እንዳለም አውቃለሁ።

ሕግ አንባቢ

ታዛቢ ያነሡት ስጋት እውነተኛ ነው፤ ጥሪያችን ምን ያህል ክብደት እንዳለው በአንድ የፍርድ ቤት ጉዳይ ላሳይ። እ.ኤ.አ. በ2008 በካሊፎርኒያ፣ በሜንዶሲኖ አውራጃ፣ አንድ ሰው 911 ደውሎ አንድ ብርማ ፎርድ ፒክአፕ ከመንገድ እንዳስወጣው ተናገረ፤ ታርጋውንም ሰጠ። ፖሊሶች መኪናውን አግኝተው ለአምስት ደቂቃ ያህል ቢከተሉትም ምንም ጥፋት አላዩበትም፤ ቢሆንም አስቆሙት፤ ውስጡም ወደ 30 ፓውንድ የሚጠጋ ማሪዋና ተገኘ። «ናቫሬቴ በካሊፎርኒያ ላይ» በሚል የሚታወቀው ይህ ክርክር እስከ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ፣ እ.ኤ.አ. በ2014 ፍርድ ቤቱ በአምስት ለአራት ድምፅ ማስቆሙ ሕጋዊ ነበር ብሏል። ምክንያቱም ደዋዩ ድርጊቱ የደረሰበት የዐይን ምስክር መሆኑ፣ ጊዜ ሳይፈጅ መደወሉ፣ እንዲሁም የ911 ጥሪ ከየት እንደመጣ ሊታወቅ ስለሚችል ሰው በቀላሉ አይዋሽበትም መባሉ ነው። ዳኛ ስካሊያ አጥብቀው ተቃውመዋል፤ ማንነቱ ባልታወቀ ሰው ቃል ብቻ ዜጋ መቆም የለበትም ባይ ነበሩ።

እንግዲህ አንድ ጥሪ ብቻውን ሰውን ሊያስቆም የሚችል ከሆነ፣ ደዋዩ በዐይኑ ያላየውን መናገር የለበትም። የሹፌሩን የቆዳ ቀለም ወይም አለባበስ መግለጽም አያስፈልግም፤ የሚፈለገው መኪናው ነው። ንዴት ገና ካልበረደልን ደግሞ መጀመሪያ መተንፈስ ይሻላል። በቨርጂኒያ ሆን ብሎ ለፖሊስ የሐሰት ጥቆማ መስጠት ራሱን የቻለ ወንጀል ነው።

ሰዎች ግራ የሚጋቡበት ሌላው ነገር ፍጥነት ነው። በቨርጂኒያ ሕግ ከተፈቀደው በ20 ማይል መብለጥ፣ ወይም የትም ቢሆን ከ85 ማይል በላይ መንዳት ቀላል የትራፊክ ጥፋት ሳይሆን እስከ 12 ወር እስራትና 2,500 ዶላር መቀጮ ሊያስከትል የሚችል ወንጀል ነው። ነገር ግን እኛ ከመኪናችን ሆነን የሌላውን ፍጥነት መለካት አንችልም፤ አንድ መኪና ሽው ብሎ ስላለፈ ብቻ መደወል ብዙም ፍሬ የለውም። በመኪኖች መካከል እየተሽሎከለከ ሌሎችን ፍሬን የሚያስይዝ፣ ወይም በአስፋልቱ ዳር የሚቀድም ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ከጥር 1 ቀን 2021 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በቨርጂኒያ እየነዱ ስልክ በእጅ መያዝ ክልክል ነው፤ ሕጉ ድንገተኛ አደጋ ለማሳወቅ የሚደወልን ጥሪ ግን ለይቶ ፈቅዷል። ቢሆንም የጠያቂው ባለቤት እንዳደረጉት አጠገብ የተቀመጠው ሰው ቢደውል ይመረጣል፤ ብቻውን የሚነዳም በድምፅ ማዘዝ ይችላል።

ታዛቢ

አመሰግናለሁ። ያዩትን ብቻ ተናገሩ፣ መኪናውን እንጂ ሰውየውን አትግለጹ በሚለው እስማማለሁ። ለቤተሰቤም ይህንኑ እነግራለሁ።

ተሳፋሪ ከአዲስ አበባ

ከሩቅ ሆኜ ውይይታችሁን ተከታተልሁ። እናንተ የምትነጋገሩት ስለ ሌላ መኪና ነው፤ እኛን የሚያስጨንቀን ግን በአብዛኛው ራሳችን የተሳፈርንበት መኪና ነው። ከመናኸሪያ ተነሥተን ወደ ክፍለ ሀገር ስንሄድ ሹፌሩ ስልክ እያወራ ኩርባ ላይ ቢቀድም፣ ከኋላ ሆኖ በአገራችን የፖሊስ ቁጥር 991 መደወል ለብዙ ሰው አይታሰበውም። የእኔ ልምድ መጀመሪያ ከተሳፋሪዎች መካከል በዕድሜ ከፍ ያሉ ሰዎች በጨዋ አነጋገር «ልጄ፣ ቀስ በል፣ ሁላችንም ቤተሰብ ይጠብቀናል» እንዲሉት ማድረግ ነው፤ አንድ ሰው ብቻውን ሲናገር ረዳቱ ይቆጣል፣ አምስት ሰው ሲናገር ግን ይሰማል። ካልሰማ በሚቀጥለው የትራፊክ ፖሊስ ፍተሻ ላይ በግልጽ መናገር፣ ከዚያ በፊት አደጋ ከታየ ደግሞ የታርጋውን ኮድና ቁጥር፣ የመጨረሻውን ያለፍነውን ከተማና የምንሄድበትን አቅጣጫ ለፖሊስ ማሳወቅ ነው። ታርጋውን ሳይሳፈሩ በፊት በስልክ ፎቶ ማንሣት ጥሩ ልማድ ነው፤ ከተሳፈሩ በኋላ አይታይምና።

ነዋሪ ዘአሌክሳንድሪያ (ጠያቂ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ፤ ባለቤቴም አንብባዋለች። አንድ የቀረኝ ጥያቄ አለ። በሰፈራችን አንድ የምናከብራቸው አባት አሉ፤ ዐይናቸው ደክሟል፣ የማቆሚያ ምልክት ሳያዩ ያልፋሉ፣ ከቆሙ መኪኖች ጋር በተደጋጋሚ ተጋጭተዋል። በሳቸው ላይ ፖሊስ መጥራት ይከብደናል፤ ዝም ማለትም አልሆነልንም።

ሕግ አንባቢ

መኪናው መንገድ ላይ እየተሳተ እስካላዩ ድረስ ይህ የ911 ጉዳይ አይደለም። በቅድሚያ ልጆቻቸውን ወይም የነፍስ አባታቸውን ያነጋግሩ፤ የዐይን ሐኪም ዘንድ የሚወስዳቸውም ሰው ይገኝ። እምቢ ካሉ የቨርጂኒያ ዲኤምቪ (መንጃ ፈቃድ የሚሰጠው መሥሪያ ቤት) አንድ ሹፌር በጤናው ምክንያት ለመንዳት ብቁ ስለመሆኑ እንዲመረመር ከቤተሰብ፣ ከሐኪም ወይም ከፖሊስ የጽሑፍ ጥያቄ ይቀበላል፤ ቅጹ ሜድ 3 ይባላል። ዲኤምቪ የሐኪም ማስረጃ ወይም አዲስ የመንዳት ፈተና ሊጠይቅ፣ ወይም በቀን ብቻ እንዲነዱ ሊወስን ይችላል፤ መንጃ ፈቃዱን ወዲያው መንጠቅ ማለት አይደለም።

ነርስ ከሲልቨር ስፕሪንግ

ሐኪም ዘንድ ሲሄዱ አብሯቸው የሚገባ ሰው መኪናዎቹን የገጩበትን ሁኔታ ጽፎ ይያዝ። አባቶቻችን ለሐኪም «ደኅና ነኝ» ማለት ይቀናቸዋል፤ ሐኪሙ ደግሞ ያልተነገረውን ሊያውቅ አይችልም። ዐይናቸው በሞራ ተጋርዶ ከሆነ በቀላል ቀዶ ሕክምና የሚድን ነው፤ ከዚያ በኋላ በደኅና ሊነዱ ይችላሉ። እስከዚያው ቅዳሜና እሑድ ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚያደርሳቸው ተረኛ ሰው መመደብ የሰፈሩ ሰው ኃላፊነት ነው።