አስቸኳይ፦ ወንድሜ ባይፖላር አለበት፤ የአካል ጉዳት ጡረታ የት ነው የሚጠየቅለት?

የሞላሌዋ (ጠያቂ)
ሰላም ለዚህ ቤት። የምታውቁ ቶሎ መልሱልኝ። ወንድሜ መምህር ነው። ባይፖላር ነው (ስሜትን አንዴ ከልክ በላይ ከፍ፣ አንዴ ዝቅ የሚያደርገው የአእምሮ ሕመም) ብለው አማኑኤል ሆስፒታል ከነገሩን ቆይቷል፤ መድኃኒቱን ሲወስድ ደህና ነበር፣ አሁን ተነሥቶበታል። ሥራ ከቀረ ሰንብቷል። ትምህርት ቤቱ በስሙ የጥሪ ማስታወቂያ ለጥፎበታል፤ እስከ ሰኞ ካልቀረበ እናሰናብታለን ይላል። እንዲህ ላለ ሰው የአካል ጉዳት ጡረታ አለ ሲሉ ሰምቻለሁ። የት ነው የሚኬደው? ምን ይዤ ልሂድ? ነገ በጠዋት ልነሣ ነው። እናታችንንም ቤቱንም የያዘው የእሱ ደመወዝ ነው።

ደብረ ሲና 07
ቦርድ አስወጡት። የሕክምና ቦርድ፣ ለሥራ ብቁ መሆን አለመሆኑን የሚወስኑት ሐኪሞች። ያለ ቦርድ ማንም አይሰማሽም።

ጋሼ ጡረተኛው
የኔ ልጅ፣ ያልነገርሽን ብዙ አለ። ትምህርት ቤቱ የመንግሥት ነው የግል? ስንት ዓመት አገልግሏል? የሐኪም ወረቀት ለትምህርት ቤቱ አስገብታችኋል ወይስ ዝም ብሎ ነው የቀረው? በሰው ሀብት ሥራ ነው ያረጀሁት፤ እነዚህን ሳላውቅ ብመልስልሽ የማይሆን መንገድ ነው የማስይዝሽ።

ወለተ ጻድቃን
እኅቴ፣ ቢሮ ለቢሮ ከመንከራተትሽ በፊት ጻድቃኔ ማርያም ውሰጂው። ከሞላሌ ሳላ ድንጋይ ምን ያህል ነው? ሰው ከአዲስ አበባ ድረስ ይመጣ የለ? የዛሬ ሰው ለሁሉም ነገር ወረቀት ይላል። የሰንበቴ ማኅበራችን አባል የነበረች ሴት ልጇ ልብሱን ጥሎ ሲሄድ በሱባኤ ነው የተመለሰላት። መጀመሪያ ንስሐ አባቱን አማክሩ፣ ቤቱን ጠበል አስረጩ፣ ቂም ካለ ይቅር ተባባሉ። ደመወዝ ይመጣል ይሄዳል።

ሲስተር ነኝ
ወለተ ጻድቃን፣ ጠበሉን ማንም አልከለከለም፤ እኔም እጠመቃለሁ። ግን መድኃኒቱን ጥሎ አይሂድ። የሚወስደው መድኃኒት ሊቲየም ከሆነ ደግሞ ልዩ ጥንቃቄ አለው። ውኃ ሳይጠጣ በጾም ሲውል፣ ወይም ሲያስመልሰውና ሲያስቀምጠው፣ በደሙ ውስጥ ያለው መጠን ከፍ ሊል ይችላል። እጁ በኃይል ከተንቀጠቀጠ፣ ከተንገዳገደ፣ ምላሱ ከተሳሰረ ያን ቀን ሆስፒታል ይድረስ። ሌላም ልበል፦ ካቋረጠ ከቆየ፣ ቤት የተቀመጠውን በቀድሞው መጠን ብድግ አድርጋችሁ አታስጀምሩት፤ ሐኪሙ ነው የሚወስነው። እንዳታስሩት። ከፍ ካለበት ሲወርድ ደግሞ ብቻውን አትተዉት፤ አደጋው ያኔም አለ።

የሞላሌዋ (ጠያቂ)
እግዜር ይስጥልኝ። ጋሼ፣ የመንግሥት ትምህርት ቤት ነው፣ 12 ዓመት ሠርቷል። የሐኪም ወረቀት አላስገባንም፤ ማን ሰምቶን? አልሄድም አለ። ለካ ዋናውን አልነገርኳችሁም፦ ባለፈው ሳምንት መልቀቂያ አስገብቷል። አራት ገጽ ነው የጻፈው፣ በቀይ እስክሪብቶ። ሦስተኛው ገጽ ላይ ደብረ ብርሃን ሁለተኛ የብርድ ልብስ ፋብሪካ እንደሚከፍት፣ ርእሰ መምህሩንም ሥራ አስኪያጅ አድርጎ እንደሚቀጥራቸው ይላል። ርእሰ መምህሩ ተቀብለው መዝገብ ቤት አስገብተውታል።

የበረኸት ልጅ
ሐሳቡ እኮ አይናቅም። የደብረ ብርሃንን ብርድ አንድ ፋብሪካ የሚችለው አይመስለኝም። ርእሰ መምህሩስ ደመወዙን ጠየቁ?

ሲስተር ነኝ
የሰው ጭንቀት ላይ ነው የምትቀልደው?

የሞላሌዋ (ጠያቂ)
ተዪው ሲስተር፣ እኛም ስቀናል። እሱ ራሱ ሲሻለው ነው የሚስቀው። ያሳቀኝ ነገር የለም ብል ውሸት ነው፤ ግን ሁለቱን በጎች ሸጦ ለፋብሪካው ማኅተም አስቀርጿል።

አልስማማም
እኔ ጥያቄው ራሱ አልገባኝም። ባይፖላር አካል ጉዳት ነው እንዴ? አካል ጉዳተኛ ማለት ዓይኑን ያጣ፣ እግሩን ያጣ ነው። ይሄ ይመጣል ይሄዳል። ደግሞ ገና ጎልማሳ ሰው ጡረታ አስወጥታችሁ ቤት ልታስቀምጡት ነው? የሚጠፋው ያኔ ነው። መምህርነቱን ከወሰዳችሁበት ምን ይቀረዋል? ደመወዙ አስፈርቷችሁ ሰውየውን ረሳችሁት።

ጋሼ ጡረተኛው
አልስማማም፣ ግማሹን ልክ ነህ። የአካል ጉዳተኞችን የሥራ ስምሪት መብት የሚደነግገው አዋጅ 568/2000 የአእምሮ ጉዳትንም ያካትታል፤ ሕገ መንግሥቱም አንቀጽ 41 ላይ የአእምሮ ጉዳት ያለባቸውን አብሮ ይጠራል። ስለዚህ እግር ካልተቆረጠ የሚል ሕግ የለም። ለጡረታ መቸኮሉን በተመለከተ ግን ካንተ ጋር ነኝ።

አሁን ወደ አንቺ ልመለስ የኔ ልጅ። ቅደም ተከተሉ ተገልብጦብሻል። ነገ ጡረታ ቢሮ አትሂጂ፤ ጡረታው ይቆያል። ሰኞን የሚያሻግርሽ የሕመም ፈቃድ ነው። ነገ እሱን ይዘሽ ሆስፒታል ሂጂ። እሱ እንቢ ካለ የሚያከብረውን ሰው፣ አጎት ይሁን የክርስትና አባት፣ አስከትይ። የአማኑኤሉን ካርድና የድሮ የመድኃኒት ማዘዣ ሁሉ ያዢ። ሐኪሙ ሕመሙን፣ ሕመሙ መቼ እንደጀመረውና የሚያስፈልገውን ዕረፍት ጽፎ፣ ፈርሞ፣ ማኅተም ያድርግበት። «መቼ እንደጀመረው» የሚለውን አትርሺ፤ ማስታወቂያው ከመለጠፉ በፊትና መልቀቂያውን በጻፈ ጊዜ ታሞ እንደነበር የሚያሳይልሽ እሱ ነው።

ወረቀቱን ለርእሰ መምህሩ በእጅ ሰጥተሽ እንዳትመለሺ። ኮፒ አድርጊ፣ መዝገብ ቤት አስገቢ፣ በኮፒው ላይ ገቢ ቁጥርና ቀን አስጽፊ። በሰው ሀብት ዕድሜዬ ብዙ ሰው የተጎዳው ወረቀት ስለሌለው ሳይሆን ማስገባቱን የሚያሳይ ነገር ስለሌለው ነው።

መልቀቂያውን በሚመለከት፦ የፌዴራሉ የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ለመልቀቅ የአንድ ወር ቅድመ ማስታወቂያ ይላል። የክልሉን ወረዳው ሰው ሀብት ላይ አንቀጹን አስወጪና አንብቢ። ዋናው ነገር ጊዜው ሳይሞላና ስንብቱ ሳይጸድቅ፣ የሐኪሙን ማስረጃ አያይዛችሁ «መልቀቂያው በሕመም ጊዜ የተጻፈ ስለሆነ ይነሣልኝ» የሚል ማመልከቻ በእሱ ፊርማ ማስገባት ነው። አልፈርምም ካለ አንቺ በቤተሰብነትሽ ሁኔታውን የሚያስረዳ ደብዳቤ ከማስረጃው ጋር አስገቢ፤ ቢያንስ መሥሪያ ቤቱ አላወቅኩም አይልም። አንድ ሰው ፈቃዱን በሰጠበት ሰዓት አእምሮው ለዚያ ብቁ አልነበረም ብሎ ማስረዳት በፍትሐ ብሔር ሕጉም ያለ ነገር ነው። ካሰናበቱት ደግሞ አስተዳደር ፍርድ ቤት ይግባኝ አለ፤ የይግባኝ ቀን ግን ቶሎ ያልቃል።

ደብረ ሲና 07
ይሄ ሁሉ ሐተታ ለምን? ቦርድ። ቦርድ ካለ መልቀቂያ ምንድነው?

ጋሼ ጡረተኛው
ወንድሜ፣ ለቦርድ የሚልከው እኮ መሥሪያ ቤቱ በደብዳቤ ነው። በፈቃዱ ለቋል ከተባለ ማን ይልከዋል?

ስሜ ይቆየኝ
ይሄ ሕመም እኔም ላይ አለ፤ ሰዉ የማያነሣውን ልናገር። ቦርድ ቀርቤ አውቃለሁ። ቀጠሮው የዋለው ደህና በሆንኩበት ሰሞን ነበር። ተላጭቼ፣ የዳግማይ ትንሣኤ ሱፌን ለብሼ ሄድኩ፤ ሐኪሞቹን ሳይቀር አሳቅኳቸው። ለሥራ ብቁ ነው ተብሎ ተጻፈልኝ። ከዚያ በኋላ ያለውን ክረምት ከአልጋ አልተነሣሁም፤ መሥሪያ ቤቱ ግን ያችን ወረቀት ይዞ «ብቁ ነህ ተብሎልሃል» ይለኛል። ጉንፋን አይደለ ስትስይ እንዲሰሙሽ! የእኛ ሕመም ቀን ይመርጣል፤ ቦርዱ ደግሞ የሚያየው የዚያን ቀን ሰው ነው።

ስለዚህ ቦርድ የምትሉ ሁሉ፣ ታሪኩ ከሰውየው ቀድሞ ጠረጴዛው ላይ ይድረስ። ስንት ጊዜ ተኝቶ ታከመ፣ በየትኛው ወር ሥራ ቀረ፣ መድኃኒቱ ስንቴ ተቀየረ። የትምህርት ቤቱ የመቅረት መዝገብ ራሱ ማስረጃ ነው፤ እነሱ ለክስ ያዘጋጁት ለአንቺ ይጠቅምሻል። የበጎቹ ሽያጭና ያ ማኅተምም ይጻፍ። አብሮት የሚኖር ሰው ገብቶ እንዲናገር ጠይቁ፤ እኛ ከፍ ስንል ራሳችንን ታማሚ ነን አንልም፣ ስንወርድ ደግሞ መናገር ያቅተናል። የሞላሌዋ፣ የቀዩን እስክሪብቶ ደብዳቤ ኮፒ አስቀሪ። አትፈሪው፤ ከማንም ሐኪም ወረቀት በላይ ያስረዳል።

ከለንደን የአንኮበር ልጅ
እዚህም ያው ነው። የአካል ጉዳት ክፍያው ፒፕ ይባላል። የሕመሙን ስም ሳይሆን በኑሮህ ላይ የሚያደርገውን ነው የሚጠይቁት፦ ምግብ ታበስላለህ? ገንዘብህን ታስተዳድራለህ? ከሰው ትገናኛለህ? ወጥተህ መንገድ ታገኛለህ? ሕመሙ ለሚለዋወጥ ሰው ከዓመቱ ቀናት ከግማሽ በላይ እንዴት እንደሆንክ ይታያል። ሥራ ላይ ያለ ሰውም ያገኘዋል። ለዚህ ብለው ሰዎች የየቀኑን በማስታወሻ ይይዛሉ፤ እንቅልፍ፣ ምግብ፣ ወጪ። እናንተም ደብተር ያዙ።

የበረኸት ልጅ
እንግሊዝ ደብተሩን ትውሰድና ፒፑን ወደ ሞላሌ ትላክልን።

የጣርማበር ነጋዴ
ቀበሌ ሴፍቲኔት ላይ አስመዝግቡት። ለመሥራት ለማይችል ቀጥታ ድጋፍ አለ፣ የአካባቢ ሥራም አይጠየቅም። የጤና መድን ደብተርም አውጡ።

ጋሼ ጡረተኛው
ሴፍቲኔት ለድሃ ድሃ ነው፤ ደመወዝተኛን ማን ይመዘግበዋል? ያውም ፕሮግራሙ ያለበት ወረዳ መሆን አለበት። እናቷ ለብቻቸው ቤት የሚኖሩ ከሆነ ስለ እሳቸው ትጠይቅ። የጤና መድኑ ለእናትየው ጥሩ ነው።

የሞላሌዋ (ጠያቂ)
ጋሼ፣ ይቅርታ አበዛሁ፤ ቦርዱ አይችልም ቢል ስንት ያገኛል? ማወቅ ፈልጌ ነው።

ጋሼ ጡረተኛው
ስሙ በቢሮ የጤና ጉድለት ጡረታ አበል ነው፤ በዚህ ጠይቂ፣ የአካል ጉዳት ስትዪ ሥራ ላይ የደረሰ አደጋ ይመስላቸዋል፤ የእሱ ስሌት ሌላ ነው። አሁን ያለው የመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ 1267/2014 ነው። ከሥራ ጋር ላልተያያዘ ሕመም ቢያንስ 10 ዓመት አገልግሎት ይፈልጋል፤ ከዚያ በታች ከሆነ በአንድ ጊዜ የሚከፈል ዳረጎት ነው። አሥር ዓመት ለሞላው የመጨረሻ ሦስት ዓመት አማካይ ደመወዝ 30 በመቶ፣ ከአሥር በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመራል፤ ጣሪያው 70 በመቶ ነው። የእሱ 12 ዓመት 32.5 በመቶ ይመጣል። አማካይ ደመወዙ 8000 ቢሆን 2600 ብር ማለት ነው። በዚህ ኑሮ ውድነት 2600 ምን እንደሚገዛ አንቺ ታውቂዋለሽ። አልስማማም ያለውን ግማሽ ልክ ነህ ያልኩት ለዚህ ነው። መድኃኒቱ ከያዘለት ሥራው ላይ ይቆይ፤ ክፍል መግባት ከከበደው ቤተ መጻሕፍት ወይም ሌላ ቦታ እንዲመደብ በሐኪም አስተያየት ይጠየቅ። ቦርዱ በር ላይ ይቆይላችሁ፤ አይሸሽም።

አልስማማም
ግማሹን ብቻ?

ወለተ ጻድቃን
እኔ የምለው ሳላ ድንጋይ መኪና ከሄደ ሁለቱንም ማድረግ ይቻላል። ሲስተር እንዳለችው መድኃኒቱን ይዞ።

የሞላሌዋ (ጠያቂ)
እሺ። ነገ አጎቴን ይዤ እነሣለሁ፤ መንገዱ ሰላም ከሆነ ደብረ ብርሃን እንደርሳለን። «ለፋብሪካው የጤና ምርመራ ነው» ስለው እሺ ብሏል። የሆነውን እጽፋለሁ።

ስሜ ይቆየኝ
እንደዚያ አትበዪው እኅቴ። ሲሻለው ያስታውሰዋል፣ ሁለተኛ አይከተልሽም። «እንቅልፍህ ጠፋ፣ እሱን እናሳይ» በዪው። እንቅልፍ ማጣቱን እሱም አይክድም።

ፈረቃ ለ
የሞላሌዋ፣ ሰኞ ምን አሉሽ? እኔም ጥያቄ አለኝ፤ የግል ፋብሪካ ነኝ፣ እንደ ወንድምሽ ዓይነት ሕመም ነው፤ የሐኪም ወረቀት አለኝ። ይሄ ሁሉ ለእኔም ይሠራል?

ጋሼ ጡረተኛው
አንተን የሚገዛህ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ነው። በ12 ወር ውስጥ እስከ ስድስት ወር የሕመም ፈቃድ አለህ፤ የመጀመሪያው ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጥሎ ሁለት ወር ግማሽ፣ የቀሩት ሦስት ወራት ያለ ክፍያ። ከሥራ በቀረህ ማግስት ማሳወቅ አለብህ። ጡረታህ በ1268/2014 ነው፣ መሥሪያ ቤቱም የግል ድርጅት ሠራተኞች የሚባለው ነው። ከደመወዝህ 7 በመቶ እየተቆረጠ ከሆነ አሠሪህ 11 በመቶ ጨምሮ በስምህ ማስገባቱን አሁኑኑ አጣራ፤ ስትታመም አይደለም።

ፈረቃ ለ
ወረቀቱን ለፎርማኑ ልስጥ ወይስ ለሰው ሀብት?

ጋሼ ጡረተኛው
ለሰው ሀብት። ኮፒው ላይ አስፈርም።