ከ90 እስከ 110 ኪሎ ሜትር ብቻ የሚንቀጠቀጥ መሪ

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። የምነዳው እ.ኤ.አ. በ2004 የተመረተ ቶዮታ ኮሮላ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ በፍጥነት መንገዱ ስጓዝ ፍጥነቴ 90 ሲደርስ መሪው መንቀጥቀጥ ይጀምራል፤ 100 አካባቢ ይብስበታል፤ 110 ካለፍኩ በኋላ ጋብ ይላል። ከተማ ውስጥ ምንም አይሰማኝም፤ ፍሬን ስይዝም ለውጥ የለውም። መካኒኬ «አላይመንት ነው» (የጎማዎቹ አቅጣጫ ተዛብቷል) ስላለኝ አሠራሁት፤ መኪናው ወደ ቀኝ መሳቡን ቢያቆምም መንቀጥቀጡ እንዳለ ነው። ምናልባት የሚጠቅም ከሆነ፣ በክረምቱ ያገለገሉ የአሉሚኒየም ቸርኬዎች ገዝቼ ቀይሬያለሁ። ቴስቲና (መሪውን ከጎማው ጋር የሚያገናኘውን የዘንግ ጫፍ) ላስቀይር ወይስ አስቀድሜ የማየው ነገር አለ?

መልስ 1

ቴስቲናውን ለጊዜው ይተዉት። አላይመንት ሲዛባ መኪናው ወደ አንድ ወገን ይስባል፣ ጎማውም በአንድ ጎኑ ይበላል እንጂ በተወሰነ ፍጥነት መጥቶ የሚሄድ መንቀጥቀጥ አያመጣም። እርስዎ የገለጹት የጎማ ባላንስ ጉድለት ምልክት ነው። ከጎማውና ከቸርኬው ዙሪያ አንዱ ቦታ በጥቂት ግራም ቢከብድ፣ ፍጥነቱ በእጥፍ ሲጨምር ያ ክብደት የሚፈጥረው ግፊት አራት እጥፍ ስለሚሆን፣ በ40 ላይ የማይታወቀው ጉድለት በ100 ላይ ይገለጣል። ከ110 በላይ ጋብ የሚለው የጎማው ምት ከመኪናው የራሱ ውዝዋዜ ጋር የሚገጥምበት ፍጥነት ስለታለፈ ነው፤ ድኗል ማለት አይደለም።

ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት የፊቶቹን ጎማዎች ከኋላዎቹ ጋር ያቀያይሩና በዚያው መንገድ ይሞክሩት። መንቀጥቀጡ ከመሪው ወጥቶ በመቀመጫዎ በኩል ከተሰማዎት ጥፋቱ ከጎማዎቹ ወይም ከቸርኬዎቹ ነው፤ መሪው ላይ ከቀረ ግን የፊቱን ሞዞ (ቸርኬው የሚታሰርበትን መሐል)፣ ኩሽኔታና ቴስቲና በክሪክ አንስቶ መመርመር ያስፈልጋል። ጎማዎቹን ሲፈቱ የቸርኬውን ውስጠኛ ጎን ይመልከቱ፤ በክረምት የተለጠፈ ጭቃ እዚያ ደርቆ ይቀራል፣ ጎሚስታውም ሳያጥበው ባላንስ ከሠራለት ጭቃው በረገፈ ማግስት ሥራው ሁሉ ይበላሻል። ይህን ስንት ጊዜ እንዳየሁት አይጠይቁኝ። ጎማው ያበጠ ቦታ ካለው ግን ባላንስ አያድነውም፤ መቀየር ብቻ ነው።

መልስ 2

እኔ ደግሞ ቸርኬዎቹን እጠረጥራለሁ። የኮሮላዎ ሞዞ ወገብ 54.1 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ በየገበያው የሚሸጡ የአሉሚኒየም ቸርኬዎች ግን ለብዙ ዓይነት መኪና እንዲገጥሙ ሲባል መሐል ቀዳዳቸው ብዙውን ጊዜ ከዚህ ሰፋ ተደርጎ ይሠራል፤ ክፍተቱን የሚሞላው ለብቻው የሚገጠም ቀለበት ነው። ቀለበቱ ከሌለ ቸርኬው መሐሉን የሚይዘው በዳዶዎቹ ብቻ ስለሚሆን ትንሽ ዘንበል ብሎ ሊታሰር ይችላል። አሳሳቹ ነገር፣ የባላንስ ማሽኑ ቸርኬውን በራሱ ሾጣጣ መሐል ለመሐል ስለሚይዘው «ዜሮ» ይላል፤ መኪናው ላይ ሲታሰር ግን ይንቀጠቀጣል።

መልስ 3

የእኔ መሪ የሚንቀጠቀጠው ፍሬን ስይዝ ብቻ ነው፤ ከዚህ ጋር ይገናኛል?

መልስ 1

አይገናኝም፤ የእርስዎ ጉዳይ የፊት ዲስኮቹ ነው። ውፍረታቸው ዙሪያውን እኩል ባልሆነ ቁጥር የፍሬኑ ኃይል ከፍ ዝቅ ስለሚል ያ ለውጥ መሪው ላይ ይደርሳል። ዲስኩ ላይ የተጻፈውን ዝቅተኛ ውፍረት አስለክተው ትርፍ ካለው ቶርኖ ቤት ያስሞርዱት፤ ከሌለው ሁለቱንም በአንድ ላይ ይቀይሩ።

ጠያቂው

ምስጋናዬ ይድረሳችሁ። ሁለቱ የፊት ቸርኬዎች ውስጣቸው በደረቀ ጭቃ ተሞልቶ ነበር። አሳጥቤ ባላንስ ካሠራሁ በኋላ መንቀጥቀጡ በግማሽ ያህል ቀነሰ እንጂ አልጠፋም። ጎማውን ፈትቼ ሳየው በእርግጥም ቀለበት አልነበረውም፤ ሶማሌ ተራ ተዘዋውሬ ልኩን አገኘሁና አስገጠምኩ። ትናንት አዳማ ደርሼ ተመለስኩ፤ በ100 ላይ መሪው ጸጥ ብሏል።

መልስ 2

ደስ ይላል። ዳዶዎቹን በመስቀል ቅደም ተከተል፣ በመለኪያ ቁልፍ 103 ኒውተን ሜትር ያጥብቋቸው፤ የአሉሚኒየም ቸርኬ ስለሆነም 100 ኪሎ ሜትር ያህል ከነዱ በኋላ እንደገና ይፈትሹ።