«ዛፍ የሌለበት ተፈጥሮ አላውቅም»

ብሩሽ፦ ትናንት እዚሁ የተጻፈ ነገር አንብቤ እስካሁን አልበረደልኝም። «ስለ ሰውና ስለ ምድር ትስስር በሚባል ትርኢት ላይ የኮምፒውተር ሽቦ መስቀል ተመልካችን ማታለል ነው፤ ዛፍ የሌለበት ተፈጥሮ አላውቅም» ይላል። የተነካው የተጣለ የኮምፒውተር ሽቦ እየጎነጎነ የሚሠራው ሠዓሊ፣ ኤልያስ ስሜ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 የቬኒስ ቢናሌ (ጣሊያን የሚካሄደው ዓለም አቀፍ የሥነ ጥበብ ትርኢት) ዋና ትርኢት ከ58 አገሮች 213 አርቲስቶችን ሲሰበስብ፣ ከሦስቱ መነሻ ሐሳቦች አንዱ የሰው ገላና የምድር ትስስር ነበር። ከእኛ አገር ሰው ተጠርቶ ሥራው እዚያ ቆመ። እኛ ዛፍ እንቆጥራለን?

ዘጣና፦ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ቃሌንም አላጥፍም። የሠዓሊውን ችሎታ አልነካሁም። በዚያው ትርኢት ኮሎምቢያዊቷ ዴልሲ ሞሬሎስ እውነተኛ አፈር ከምራ፣ ካካዎ፣ ቅርንፉድና ቀረፋ ቀላቅላበት ሰው በመሐሉ እንዲያልፍ አድርጋለች። ምድርን ማሳየት እንዲህ ነው። ሽቦው ውስጥ ምድር የቱ ጋ ነው?

ብሩሽ፦ መዳቡ ከየት ተቆፍሮ ወጣ ታዲያ? ሲጣልስ የት ይወድቃል?

ማርታ ከሚላኖ፦ በባቡር ሄጄ አይቼዋለሁ። ከሩቅ ሲያዩት ከአውሮፕላን ላይ የሚታይ የእርሻ ማሳ ይመስላል። ጠጋ ሲሉ ቀይና ቢጫ ሽቦ እንደ ሹሩባ ተጎንጉኖ ጣውላ ላይ ተመቷል። ቆሜ ቀረሁ። ጋሽ ዘጣና፣ ሳያዩት አይፍረዱ።

ዘጣና፦ እህቴ፣ ቪዛ የሚሰጠኝ ካለ አያለሁ። ለእኛ ሳይታይ ስለ እኛ ምድር ቬኒስ ላይ መነገሩም አንዱ ቅሬታዬ ነው።

የእንጦጦ ልጅ፦ እዚሁ አዲስ አበባ፣ መካኒሳ ድረስ ለመሄድ ቪዛ አይጠየቅም! ኤልያስና መስከረም አሰግድ ያቆሙት ዞማ ሙዚየም እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ ክፍት ነው። ግድግዳው ጭቃና ጭድ፣ ግቢው አትክልት።

ዘጣና፦ ዞማን እወደዋለሁ። እዚያ እጁ መሬት ነክቷል። ክርክሬ ከሽቦው ጋር ነው፤ ዛፍ የሌለበት ተፈጥሮ አላውቅም።

የእንጦጦ ልጅ፦ ዛፍ ዛፍ ካሉ አይቀር፣ እኛ ሰፈር ሠዓሊው ሁሉ «ተፈጥሮ» እያለ የሚስለው ባሕር ዛፍ በምኒልክ ዘመን ከአውስትራሊያ የመጣ ነው። ከተማው ማገዶ ጨርሶ ስለነበር ሰው አምጥቶ ተከለው። የሰው እጅ የገባበት ሁሉ ተፈጥሮ ካልሆነ እንጦጦም ይውጣ።

ዘጣና፦ በባሕር ዛፍ አትምጣብኝ! እሱ ባይኖር አዲስ አበባ ከተማ ሆና አትቀጥልም ነበር።

የእንጦጦ ልጅ፦ ምንጩን ያደረቀብንስ? በሥሩ ሣር የሚያበቅል ባሕር ዛፍ አሳዩኝ።

ብሩሽ፦ ስለ ባሕር ዛፍ ሌላ ቀን ተጣሉ። ጥያቄው ትርኢቱ ነው።

ከመርካቶ፦ ሁላችሁም የዘለላችሁት ሰው አለ። ኤልያስ ዕቃውን የሚሰበስበው እዚህ መርካቶ ካለው የአሮጌ ዕቃ ገበያ፣ ከምናለሽ ተራ ነው። እዚያ ልጆቹ መዳቡን ለማውጣት ሽቦውን በቢላ ይልጡታል፤ የቸኮለው ያቃጥለዋል፤ ጥቁሩ ጭስ ጉሮሮ ያንቃል። ምድርን የነካው እጅ የእነሱ ነው። ስለ ሥራው ሲወራ ግን ማን ያነሳቸዋል?

ማርታ ከሚላኖ፦ ይህ ትክክለኛ ቅሬታ ነው። ሆኖም ሽቦው ጣውላ ላይ ባይመታ ስለ ጭሱ እዚህ አናወራም ነበር።

ዘጣና፦ ወሬው ለልጆቹ ምን ጠቀማቸው? የሰውና የምድር ትስስር ማየት የፈለገ ደቡብ ጎንደር ይሂድ። እርሻ በዋጠው አገር መሐል የቤተ ክርስቲያን ደን ብቻ ቆሟል። ለእኔ ትርኢት ማለት እሱ ነው።

የእንጦጦ ልጅ፦ እሱንም ያቆየው የሰው እጅ ነው። ከብት ችግኙን እንዳይበላ ምእመናኑ ዙሪያውን ድንጋይ ክበው አጥረውታል።

ዘጣና፦ አጥሩ ደኑን ጠበቀ። ሽቦው ማንን ጠበቀ?

ብሩሽ፦ ሠዓሊው የገዛው ሽቦ አልተቃጠለም፤ ይህ ትንሽ ነገር ነው?

ከመርካቶ፦ አንድ ሠዓሊ ስንት ኪሎ ይገዛል ወንድሜ? የቀረው ዛሬም እየነደደ ነው።