«መሊም» ላይ «ኦት» ስጨምር «መሊሞት» መሆን ሲገባው «መሊምኦት» ይላል፤ አስቸኳይ

ሄርማታ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ራሳችን ለፈጠርነው ቋንቋ ቃላት የሚያረባ ፕሮግራም በፓይተን እየጻፍኩ ነው፤ ነገ ጠዋት 3 ሰዓት ጅማ ላይ ለክበባችን ማሳየት አለብኝ። ብዙ ቁጥሩ «ኦት» ነው። «መሊም» ስሰጠው «መሊምኦት» ብሎ ያወጣል። እባካችሁ ቶሎ!

ኪቶ፦ ግንዱንና ቅጥያውን እንዴት ነው የምታያይዘው?

ሄርማታ፦ በመደመር ምልክት ነዋ።

ፈረንጅ አራዳ፦ እሱ ነው ችግሩ፤ ፕሮግራሙ «ም» እና «ኦ» «ሞ» እንደሚሆኑ አያውቅም። የኛ ፊደል በዩኒኮድ (ኮምፒውተር ለእያንዳንዱ ፊደል ቁጥር በሚሰጥበት ሥርዓት) ከ4608 ይጀምራል፤ እያንዳንዱ ተራ 8 ቦታ አለው። 4608 ለ8 ያለ ቀሪ ስለሚካፈል፣ የማንኛውም ፊደል ቁጥር ለ8 ሲካፈል የሚተርፈው ቤቱን ይነግርሃል፦ ግእዝ 0፣ ካዕብ 1፣ ሣልስ 2፣ ራብዕ 3፣ ኃምስ 4፣ ሳድስ 5፣ ሳብዕ 6። «ም» 4637 ነው፣ ቀሪው 5። «ኦ» 4774፣ ቀሪው 6። ከ4637 ላይ 5 ቀንሰህ 6 ስትደምር 4638 ይመጣል፤ «ሞ» ማለት ነው። ከዚያ «ት»ን ብቻ አስከትል። የፊደሉን ቁጥር ord በሚባለው የፓይተን ትእዛዝ ታወጣለህ፣ chr በሚባለው ወደ ፊደል ትመልሳለህ። ግንዱ በሳድስ ሲያልቅ ብቻ ነው ይህን የምታደርገው።

ኪቶ፦ እኔ ግን አካሄዱን አልስማማበትም። ፊደል ላይ እየቀነሱ መደመር ጊዜያዊ ጥገና ነው። ተነባቢና አናባቢውን ለየብቻ አስቀምጥ፣ እርባታውን እዚያ ላይ ጨርስ፣ ወደ ፊደል መቀየሩን መጨረሻ ላይ አድርገው። ሳድስ አንዴ አናባቢ አለው አንዴ የለውም፤ ከጽሑፉ አይለይም። መጥበቅና መላላትም እንዲሁ፤ የበዓሉ «ገና»ም «ገና አልመጣም» ስንል ያለው «ገና»ም አንድ ዓይነት ነው የሚጻፈው። በቁቤ ብትጽፈው የሚጠብቀው ፊደል ይደገማል፣ ማሽኑም ያየዋል።

ሄርማታ፦ እውነትህን ነው፣ ግን ቃላቱ ሁሉ በፊደል ተጽፈው አልቀዋል፤ ዛሬ ማታ አይደርስም። የፈረንጅ አራዳ ዘዴ ሠርቷል፣ ተባረክ። ሁለት ነገር ቀረኝ፦ «ታርቍ» በ«ኦት» ሲረባ መሃሉ ላይ ባዶ ሳጥን ያወጣል፤ «አን» የሚለው ቅጥያ ደግሞ «መሊማን» በማለት ፋንታ «መሊመን» ይላል።

አጋሮ በር፦ የመጨረሻውን ፊደል ቀሪ ቀንሰህ የቅጥያውን ቀሪ ደምር።

ፈረንጅ አራዳ፦ እሱማ ተብሏል፤ አሁን ያስቸገረው ሌላ ነው። «አ»ን «ኣ» ብለን ብናነበውም ቦታው የግእዝ ስለሆነ ቀሪው 0 ነው። ቅጥያህን «ኣን» ብለህ ጻፈው፣ 3 ይሰጥሃል። «ኧ»ንም ተጠንቀቅ፤ ቀሪው 7 ስለሆነ «ም»ን «ሟ» ያደርገዋል። «ኧ» ሲመጣ 0 ተጠቀም።

ጅሬን፦ ልጄ፣ ከኮዱ በፊት ቋንቋችሁ ምን ዓይነት እንደሆነ ወስኑ። ዛሜንሆፍ በ1887 እ.ኤ.አ. ያወጣው ኤስፔራንቶ የተባለው ሰው ሠራሽ ቋንቋ በመለጠፍ ይሄዳል፦ ሁንዶ ውሻ፣ ሁንዶይ ውሾች፣ ተሳቢ ሲሆን ሁንዶይን። ለእሱ መደመር ይበቃል። እንደ አማርኛ ከሆነ ግን ሥሩ ስ-ብ-ር ነው፤ ሰበረ፣ ሰባሪ እያለ አናባቢው መሃል ይገባል። በዚያ ላይ ተነባቢውም ይለወጣል፦ ከፈተ ከፋች፣ ወሰደ ወሳጅ፣ ለመነ ለማኝ፣ ከፈለ ከፋይ። እንዲህ ያለ ሕግ ካላችሁ ፕሮግራሙ ከማጣበቁ በፊት ይፈጽመው፤ ቀድሞ ካጣበቀ «ከፋቲ» ይላችኋል። ግንዱ በአናባቢ ሲያልቅስ? በአማርኛ ገበሬ ገበሬዎች ሲባል «ዎ» ይገባል። በኦሮምኛ ደግሞ ነማ ነሞታ ሲሆን የግንዱ አናባቢ ይወድቃል። አንዱን ምረጡ።

ሄርማታ፦ አመሰግናለሁ ጋሼ፣ እርስዎ እንዳሉት የሚወድቀውን እንወስዳለን። ሳጥኑስ?

ኪቶ፦ የፎንት ችግር አይደለም። የ«ቈ» ተራ ካዕብና ሳብዕ የለውም፣ ቦታቸው ባዶ ነው። «ቍ» ላይ 1 ስትደምር ያልተመደበ ቁጥር ላይ ታርፋለህ። «ኈ»፣ «ኰ» እና «ጐ»ም ያው ናቸው። ለእነዚህ አራት ተራዎች ቅጥያው በ«ኡ» ወይም በ«ኦ» ሲጀምር መጀመሪያ 8 ቀንስ፤ «ቍ» «ቅ» ይሆናል፣ ከዚያ በተለመደው መንገድ «ቆ»። «ታርቆት» ይወጣል።

አጋሮ በር፦ የሚጠብቁ ፊደላት ላይ ምልክት አድርጋችኋል? የማጥበቂያው ምልክት ራሱን የቻለ ቁጥር ነው፣ 4959፣ ከፊደሉ ኋላ የሚቀመጥ። ግንዱ በእሱ ካለቀ ፕሮግራምህ «የመጨረሻ ፊደል» ብሎ የሚያነሳው ምልክቱን ነው፤ ቀሪው 7 ይወጣና ሁሉም ይበላሻል። ምልክቱን ለጊዜው አንስተህ ፊደሉን ቀይር፣ ከዚያ መልሰህ ከኋላው አድርግ።

ኪቶ፦ ከማሳየትህ በፊት አምስት ቃል ፈትን፦ አንድ በሳድስ የሚያልቅ፣ አንድ በራብዕ፣ አንድ በኃምስ፣ አንድ በ«ቍ»፣ አንድ ምልክት ያለበት። «ታርቆት» ወጣልህ?