ውሃው በ87 ዲግሪ ፈላ፤ ጥፋቱ የቴርሞሜትሩ ነው ወይስ የእኔ?

የተከበራችሁ የፊዚክስና የኬሚስትሪ ባለሙያዎች፣

ደብረ ብርሃን ከተማ በሚገኝ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የኬሚስትሪ መምህር ስሆን፣ የውሃን የመፍላት ነጥብ ለተማሪዎቼ በተግባር ለማሳየት ስሞክር ልፈታው ያልቻልኩት ችግር ስለገጠመኝ እርዳታችሁን በትሕትና እጠይቃለሁ።

መጽሐፉ የሚጠቅሰው 100 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በባሕር ጠለል የአየር ግፊት፣ ማለትም በ101.3 ኪሎ ፓስካል እንደሆነ፣ ከተማችን ግን ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ግፊቱ ወደ 72 ኪሎ ፓስካል ዝቅ ብሎ ውሃው በ91 ዲግሪ አካባቢ መፍላት እንዳለበት አውቃለሁ። ባቄላችን እሳት ላይ የሚውለውም በዚሁ ምክንያት ነው።

የቸገረኝ የአልኮል ቴርሞሜትራችን፣ ውሃው እየተንተከተከና የቢከሩ አፍ በእንፋሎት ተሸፍኖ ሳለ፣ 87 ላይ ደርሶ ቀጥ ማለቱ ነው። ሦስት ጊዜ ደጋግሜ ለካሁ። በሚቀልጥ በረዶ ውስጥ ሲነከር ግን በትክክል 0 ያነባል። በቧንቧ ውሃ ውስጥ የሟሟ ጨው ቢኖር እንኳ የመፍላት ነጥቡን ከፍ እንጂ ዝቅ ስለማያደርግ፣ ጥፋቱን በውሃው ላይ መጣል አልቻልኩም።

የቴርሞሜትሩ አብዛኛው ክፍል ከውሃው በላይ፣ በቀዝቃዛው አየር ውስጥ መቆየቱ ብቻውን 4 ዲግሪ ሊያጎድል ይችላልን? 100 ዲግሪ በማይገኝበት ከፍታ ላይስ የመለኪያውን የላይኛውን ነጥብ በምን ልፈትሽ? ባሮሜትር የለንም፤ ያለን ሌላ ቴርሞሜትርም ከዚያው ካርቶን የወጣ በመሆኑ ምስክርነቱን አላመንኩትም።