የጋራ ምክረ ሐሳባችን አንቀጽ 3፦ ቧንቧው ምን ያህል ይቀበር?

ጸሐፊ፦
ውድ አባላት፣ ረቂቁ አሁን «በአርክቲክ ባሕር ወለል የሚዘረጋ የነዳጅ ቧንቧ፣ በረዶ ከሚተልመው ጥልቅ ትልም በታች ይቀበር» ይላል። እስከ ዓርብ አስተያየታችሁን እጠብቃለሁ።

የአፈር ባለሙያ፦
እንዲህ ከወጣ እኔ አልፈርምበትም። ተገፍቶ የተቆለለው የባሕር በረዶ ክምር እግሩ ወለሉን ሲነካ እንደ ማረሻ ይተልማል። ማረሻው ያልደረሰበት አፈር ግን ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ ከትልሙ ሥር ወደፊት እየተገፋ ቧንቧውን አብሮ ያጎብጠዋል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በካናዳ በሴንትሪፉጅ (ትንሽ ሞዴልን በፍጥነት እያሽከረከረ ክብደቱን በሚያበዛ ማሽን) የተደረጉት ሙከራዎች ያሳዩት ይህንኑ ነው። ስለዚህ «የአፈሩ ግፊት ቧንቧውን ከሚችለው በላይ በማያጣምምበት ጥልቀት» ይባል። ዓረፍተ ነገሩ እንደሚያስጠላ አውቃለሁ።

የባሕር ወለል ቀያሽ፦
ባልደረባችን ልክ ናቸው፤ ግን የትኛውን ትልም ለክተን ነው? ጥልቀት በሌለው ውኃ ማዕበልና ደለል ቶሎ ይደፍኑታል። በአንድ በጋ በሶናር (በድምፅ ሞገድ መለኪያ) የተነሣ ካርታ ጠባሳውን እንጂ ዕድሜውን አይነግረንም፤ ያው መስመር በየዓመቱ ይቀየስ። ረቂቁ ፈጽሞ የረሳው ሌላም ነገር አለ። በወንዝ አፍ አካባቢ የጸደይ ጎርፍ በባሕሩ በረዶ ላይ ይተኛና በስንጥቁ ሲወርድ ወለሉን ይቦረቡራል። ያን ጊዜ ቧንቧው ሥሩ ባዶ ሆኖ ተንጠልጥሎ ይቀራል።

የግንባታ መሐንዲስ፦
«ይጠልቅ» ማለት ለአፍ ቀላል ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 ነዳጅ ማምረት በጀመረው በአላስካው የባሕር ነዳጅ ጣቢያ በኖርዝስታር የቧንቧው ቦይ የተቆፈረው በክረምት፣ በረዶው ተቆርጦ፣ በላዩ በቆሙ ኤክስካቫተሮች ነው። ውኃው እዚያ 12 ሜትር ያህል ብቻ ነው። ከዚያ ርቆ፣ በረዶው በሚንቀሳቀስበት፣ ማሽን የሚያቆም የለም፤ አጭሯን በጋ ጠብቆ በመርከብ መቆፈር ግድ ነው። በዚያ ላይ ትኩስ ነዳጅ በባሕሩ ዳር ያለውን የቀዘቀዘ አፈር ያቀልጠዋል፤ መሬቱም ይሰጥማል። አንድ ጥልቀት ለመላው መስመር አይጻፍ።

አዲስ አባል፦
በረዶውን በመርከብ ጎትቶ ማራቅስ? በምሥራቅ ካናዳ፣ በኒውፋውንድላንድ ይሠራበት የለም?

የአፈር ባለሙያ፦
እዚያ የሚጎተተው ለብቻው የሚንሳፈፍ የበረዶ ተራራ ነው። ከአላስካና ከካናዳ በስተሰሜን ባለው በቦፎርት ባሕር ግን ክምሩ በዙሪያው ካለው ሰፊ የበረዶ ሜዳ ጋር የተጣበቀ ነው፤ ገመዱን ምኑ ላይ ያስሩታል?

ጸሐፊ፦
መጎተት ከአንቀጽ 3 ወጥቷል። ጥልቀቱ በየክፍሉ ይለያል፤ የአፈር ባለሙያው ዓረፍተ ነገርም ከነርዝመቱ ይገባል። የወንዝ አፉን ጉዳይ ቀያሹ ለብቻው አንቀጽ ያርቁልን። ዓመታዊው ቅየሳ ስንት ዓመት ይቆይ የሚለው አልተቋጨም፤ መሐንዲሱና ቀያሹ ተነጋግረው እስከ ዓርብ ይላኩልኝ።